ውሃ ልክ

ባርባ ሊትር ሣጥን ሦስት ነፍስ ታጭቆ፣
አንዱ ባንዱ ትንፋሽ ሲኖር ተጨናንቆ፣
ዓመት ዝም አልኩና ባመቱ አፈርኩኝ፤
ሆዳቸው ሎሚ አክሎ ሲነፋ እያየሁኝ፣
ጅራታቸው ረዝሞ መዞሪያ ሲያጣ፣
"በቃ" አልኩኝ፣ "ይሠራ፤ ከደሞዜ ይውጣ።"

ታክሎ መስታወት ቆራጭ፣ የሳሙና በሩ፣
ጣቱ ሁሉ ጠባሳ፣ እርሳስ ከጆሮው ዳሩ፣
"ለመስኮት ነው?" አለኝ። "ለዓሣ ነው" ብለው
ሳቁ እያቋረጠው ሜትሩን ጣለው፦
"ሰው ፊቱን ሲታጠብ በፈረቃ ቆሞ፣
ላንተ ዓሣ ሦስት መቶ ሊትር ደግሞ?"

ቆረጠው ግን። አሥር ሚሊ። ጠርዙን አለሰልሶ
ገጠመው በሲሊኮን፣ ባራት ጥግ መልሶ፤
ጣቱን ምራቅ ነክሮ ስፌቱን ዳመጠ፣
"ሳምንት ይድረቅ" ብሎ ሻዩን ጨለጠ።
ቅኔ ቤት ከርሞ ነው በልጅነት፣ አሉ፤
ዛሬም አልለቀቀው ያ የጥንት አመሉ፦
"ሰሙ ሲሊኮን ነው፣ ይኸው ባራት ጥግ፤
ወርቁን አንተ አምጣ፣ ደግሞ አኑረው በወግ።"

ከቀሃ ወንዝ ወዲህ፣ ከቁልቁለቱ ላይ፣
የምከራየው ቤት፣ የእማማ እንጉዳይ፣
ባላቸው ማንደፍሮ፣ ነፍሱን ይማርና፣
በእጁ ነው ያቆመው። ሲሉኝ ወገባቸው ቀና፦
"ማንደፍሮ ያለ ውሃ ልክ ድንጋይ አልጣለም፤
ጎንደርን ብታስስ እንዲህ ያለ ወለል የለም።"

ሐሙስ ሌሊት ስምንት ቧንቧው ሳል ጀመረው፣
አየሩን አስታውኮ ቀይ ውሃ ጨመረው።
ሲጠራ ደረደርኩ አሥራ አምስት ጀሪካን፤
ክዳን ከፍቼ ተውኩት፣ ክሎሩ ይትነን ሁለት ቀን።

ቅዳሜ ሞላሁት። ቁጭ ብዬ ሳየው
ውሃው ከጠርዙ ጋር አልሄደም፤ ተለየው።
በግራ በኩል ሞልቶ፣ በቀኙ ጎደለ፣
የጣት ስፋት ያህል ወደ ወንዙ አዘነበለ።
ወለሉ ነው፣ ወለሉ! አይዋሽም ውሃ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ቀሃ
ቤቱ ሲሄድ ኖሯል።
ከጥንቱም ይሁን፣ ወይ መሬቱ ከድቶ፣
ማን ይጠይቀዋል፣ ባለሙያው ሞቶ?

እማማ ብቅ አሉ። "ምነው ልጄ፣" አሉኝ፣
"ቀኝ ቀኙ ጎደለ?" ዓይናቸውን ጣሉብኝ።
እውነቱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበረ፤
"ታክሎ ነው" አልኳቸው፣ "ሲቆርጥ አሳጠረ።"

ሌሊት ተነሥቼ ውሃውን በጎማ
ወደ ጀሪካኑ መለስኩ በጨለማ፤
ከብረት መቆሚያው ሥር የጣውላ ስንጣሪ
ሰካሁ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር እንደ ሌባ ፈሪ፤
ትንፋሼን ዋጥ አርጌ ዳግም ሞላሁት።
የድሮውን ስፖንጅ ከነእድፉ ከተትኩት፤
አዲስ ውሃ ባዶ ነው፣ እርሾ ካልተጣለበት፤
ዓሣ በንጹሕ ውሃ ይሞታል፣ ካልኖረበት
እኔ ሆስፒታል ውስጥ ዘመዱን የማየው
ያ የማይታይ ፍጥረት፣ መርዙን የሚለየው።

ሦስቱን ለቀቅኳቸው፦ ጎፈሬው፣ ባለቆቡ፣
ያች እርጉዝ መሳይዋ። ወዲያው ተሰበሰቡ
ካንድ ጥግ። በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል
የድሮዋን ሣጥን ያህል፣ ልክ እሷን ያህል
ዞሩ። የሌለ መስታወት ባፍንጫ እየነኩ፣
የለመዱትን ብቻ፣ እሱን እየለኩ።

አንድ ቀን። ሁለት ቀን። መብራት ሄደ፣ መጣ፤
አየር እንዲያገኙ በጭልፋ ስቀዳ ስደፋ ሌሊቱ ወጣ።
በሦስተኛው ማለዳ ባለቆቡ ብቻውን
ያን ድንበር አለፈና ዘረጋ ጅራቱን ሙሉውን።

እማማ እንጉዳይ ዱካ ስበው ተቀመጡ፣
ከዓሣው ጋር በዓይናቸው ሲወርዱ፣ ሲወጡ።
ከዚያ ዝቅ አሉና፣ ከብረቱ ሥር
ያችን ስንጣሪ በእግራቸው ጣት ጫፍ
ገፋ አረጓት። አንዴ። ወደ ውስጥ። በቀስታ።
ብዙ ዝም አሉ።
"ማንደፍሮ ቢኖር፣" አሉኝ፣
"የታክሎን መስታወት ያቃናው ነበር።"